በትውስት አፍንጫ የተመረጡ አምስት የጣሊያን ወይኖች

ከጆሃንስበርግ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ወርቅና ስለ ዘራፊ። ወርቅ አላየሁም፤ ዘራፊም አልገጠመኝም። እኔ ያየሁት ከአንድ ሱቅ ኋላ ያለች ጠባብ ክፍል፣ የስኳር ጆንያ ላይ የተደረደሩ ጠርሙሶችና ወይን ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቅ አንድ ሰው ነው። የምጽፈውም እዚያ ለማይሄደው አንባቢ ነው፤ የሚሄደው ራሱ ይየው።

አስቀድሜ ግን ገመናዬን ላውጣ። ሙያዬ ወይን ጠጅ ማሽተት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሰደርያ ለብሼ፣ ብርጭቆ አዙሬ፣ አፍንጫዬን ነክሬ “ይኼ ከጥብስ ጋር ይሄዳል” ስል ኖሬያለሁ። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ታመምኩ። ትኩሳቱም ሳሉም ሄዱ፤ የማሽተት ኃይሌ ግን አብሯቸው ሄዶ በዚያው ቀረ። የሚጠበስ ሽንኩርትና የወለቀ ካልሲ ለእኔ አንድ ሆኑ። ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ሰሞን ሁለት አስተናጋጆች “ሁኔታዎች ሲሻሻሉ እንጠራችኋለን” ተብለው ተሸኝተዋል፤ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያሉት ሰው ደግሞ ሁኔታዎች እስኪሻሻሉ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ብርጭቆውን እያዞርኩ የዱሮ ቃሎቼን ከትዝታ እያወጣሁ መናገር ጀመርኩ። ማንም አላወቀብኝም።

ይህን ባደረግሁ በሦስተኛው ወር የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ሰብለ ጠሩኝ። ጆሃንስበርግ ያለ አንድ ሽማግሌ አስመጪ የጣሊያን ወይኖቹን በቅናሽ ሊለቅ ነው አሉ። “ውዱን አልፈልግም። ከየክፍለ ሀገሩ ያለውን፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው በየቤታቸው ለምሳ የሚጠጡትን ርካሹን ምረጥ። ከእያንዳንዱ ጋር የሚሄደውን የእኛን ምግብ ጽፈህ ና። አሽትተህ እንጂ ወረቀት አንብበህ እንዳትመርጥ።” ራሷ ወይን የምታመርት አገር ድረስ ሄዶ የጣሊያን ወይን መፈለግ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ የእኛ ደንበኛ የሚወደው የጣሊያን ስምና የአዲስ አበባ ዋጋ ነው አሉኝ። ልክ ናቸው። ሆቴል እንዲያዝልኝ ስጠይቅ ደግሞ “የአስቴር ወንድም እያለ?” አሉ። አስቴር ዋና ወጥ ሠሪያችን ናት፤ ወንድሟ ታደሰ ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ሱቅ አለው።

ቅዳሜ

ለጉዞው የምርመራ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና አንዲት ነርስ ረጅም እንጨት አፍንጫዬ ውስጥ ከትታ አንጎሌ ጋ የደረሰች እስኪመስለኝ አዞረችው። ነጻ ነህ ተባልኩ። አፍንጫዬ በሦስት ወር ውስጥ የሠራልኝ ሥራ ይኼ ብቻ ነው። አስቴር ለወንድሟ በጠርሙስ የሞላች የተነጠረ ቅቤ ሰጥታኝ፣ በሸሚዞቼ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጠብቅ ሰዉ ሁሉ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። ርቀት የመጠበቅ ደንባቸውን አደነቅሁ፤ የእኛ ሰው ቢሆን ትከሻዬ ላይ ነበር የሚሰፍረው እያልኩ አወዳደርኩ። ከዚያ አንዲት አጭር፣ ባለ ረጅም ጆሮ ውሻ መጥታ ሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለች፤ አልነሳም አለች። ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የጉምሩኳ ሴትዮ ሻንጣውን ስታስከፍተኝ የቅቤው ጠርሙስ ተሰብሮ ሦስቱም ሸሚዞቼ ቅቤ ጠጥተዋል። “ምንድን ነው?” አለችኝ። ቅቤ ነው አልኳት። ስባሪውን በጓንት አንስታ ወሰደችና ከነሸሚዞችህ በፍጥነት ሂድልኝ አለች። እኔ እንኳን ሽታው፣ ጠርሙሱ መሰበሩም በዓይኔ ሳላይ አልገባኝም ነበር።

ታደሰ ውጭ ይጠብቀኝ ነበር፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አሮጌ ባኪ ይነዳል፤ እነሱ ከኋላው ክፍት የሆነውን ትንሽ የጭነት መኪና ባኪ ይሉታል። በእኛ ሰኔ ዝናብ ነው፤ በእነሱ ሰኔ ደግሞ ደረቅ ብርድ፣ አጥንት የሚሰብር። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ይነዳ ጀመር። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ዝጋልኝ እንዳልለው ይሉኝታ ያዘኝ።

“ጋሼ፣ ሽታው አይረብሽዎትም?” አለኝ ብዙ ከሄድን በኋላ።

“የቱ ሽታ?”

ዞር ብሎ አየኝ። “ጉንፋን ይዞኝ ነው” ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ ጉንፋን ይዞኛል ከማለት ሰው ገድያለሁ ማለት ይቀል ነበር። “አለርጂ አለብኝ” አልኩት። እሱም መስኮቱን ትንሽ ከፍ አደረገልኝ።

እሑድ

ዳቬይተን ትንንሽ ቤቶች በተርታ የተሰለፉባት፣ በክረምት ሰዉ ከሰል የሚያነድባት ሰፈር ናት። የታደሰ ሱቅ እንደ ሰፈሩ ሁሉ ስፓዛ ይባላል። ከእኛ ሰፈር ሱቅ የሚለየው በብረት ፍርግርጉ ነው፤ ገዢው ከውጭ፣ ሻጩ ከውስጥ ሆነው እስረኛ እንደሚጠይቁ ዘመዳሞች ይነጋገራሉ። ማን ማንን እንደሚጠይቅ ብቻ አይለይም። አንዲት አሮጊት “ሳውቦና” ብላ በዙሉ ቋንቋ ሰላም ትላለች፤ ታደሰ “ዬቦ፣ ማማ፤ ኡንጃኒ?” ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ ሚስቱን ማርታን ደግሞ በሀዲይኛ ያወራል። ሦስቱንም ሳይሳሳት የሚቀያይረው ሱቁን እየጠረገ ነው።

ታደሰ የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው። ስብሰባ ስለተከለከለ አምልኮው በስልክ ሆኗል። ስልኩን የስኳር ጆንያ ላይ አቁመው፣ ፊታቸው በየትንንሽ ሳጥኑ የተደረደረ ምእመናን ሃሌሉያ ይላሉ፤ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ መዝሙሩ በየመንገዱ የተበተነ ወታደር ይመስላል። ከሆሳዕናም፣ ከኬፕታውንም፣ ከአዲስ አበባም ይገባሉ። አስቴርም በሽንኩርት ክምር መሃል ሆና ታየች። ደህና ገቡ ወይ አለችኝ። ቅቤው እንዴት ደረሰ ስትል ማርታ “ሽታው ደርሷል” አለቻት።

ያን ዕለት ምሽት ራት ላይ ሳለን በቴሌቪዥን መግለጫ ተሰጠ፤ ወረርሽኙ ስለበረታ ከነገ ጀምሮ በመላ አገሪቱ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው ተባለ። ታደሰ እጁን ዘርግቶ “ጌታ ይመስገን፤ ስንጸልይበት ነበር” አለ። ከዚያ እኔ ለምን እንደመጣሁ ትዝ አለው። ማርታም አየችኝ። ሦስታችንም ሽሮውን አየነው።

ሰኞ

ጠዋት ሱቁ ፊት ሰልፍ ነበር። ሰዉ ሁሉ የሚገዛው እርሾ፣ ስኳርና አናናስ ነው። ጠላና ጠጅ በሚጠመቅበት አገር ላደገ ሰው ነገሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ታደሰን “ይኼ ሁሉ ዳቦ ነው?” ስለው፣ “እርሾ የዳቦ ነው ጋሼ። ከሱቄ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አልከተለውም” አለኝ። እሱም የዋህ አይደለም።

አስመጪው ጋ ብቻዬን በታክሲ ልሂድ አልኩ። እዚያ ታክሲ ማለት የእኛ ሚኒባስ ነው፤ ወያላ ግን የለውም። መንገድ ዳር ቆመህ የምትሄድበትን በጣትህ ታሳያለህ፤ ለየአቅጣጫው የየራሱ ጣት አለው። ታደሰ አስተምሮኝ ነበር። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ግን የትኛው ጣት እንደሆነ ጠፋኝና በልበ ሙሉነት አንዱን አወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጻካኔ በሚባል ሌላ ሰፈር ወረድኩ፤ ካሰብኩት ቦታ ፍጹም በተቃራኒው። ግራ ገብቶኝ ስቆም ከአንድ ስፓዛ ውስጥ “ሐበሻ ነዎት?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የከምባታ ልጅ ነው። ስሜን ሳይጠይቅ ሻይና ዳቦ ሰጠኝ፤ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ፣ ሥራ ፈትቶ፣ እስከ አስመጪው በር ድረስ በመኪናው አደረሰኝ። ምን አመጣዎት ሲለኝ ወይን ጠጅ ልመርጥ አልኩት። መንገዱን ሙሉ ከዚህ መንፈስ ነጻ እንድወጣ ጸለየልኝ፤ ሲነዳ ዓይኑን አለመጨፈኑን አመሰገንኩ።

አስመጪው ሲኞር ፒኖ ሰማንያ የሚጠጋ፣ ሹራብ ላይ ሹራብ የደረበ ሰው ነው። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ሊሸጠው ግን አልቻለም። “ባህር ማዶ ልልከው ይፈቀድልኛል። እዚህ አንድ ጠብታ ካስቀመስኩህ ግን ጉድ ይፈላል” አለኝ። ስለዚህ አምስት ዓይነት ናሙና በካርቶን አሽጎ፣ የወጪ ንግድ ናሙና መሆኑን የሚናገር ደብዳቤ ጨምሮ፣ ቤትህ ወስደህ ቅመስ፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መልስህን ንገረኝ፤ ከዚያ ሌላ ገዢ ይጠብቀኛል አለ። የእያንዳንዱን ምግብ የሚናገር ወረቀትም ሰጠኝ። አነበብኩት። የዱር አሳማ፣ የአሳማ እግር፣ ጥንቸል፣ ቀንድ አውጣ። ይህን ይዤ አዲስ አበባ ብገባ የሚደፋው ወይኑ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

የወይን ጠጅ የሚቀመሰው ጠዋት፣ አፍ ንጹህ ሲሆን ነው። ማርታ ጠርሙሶቹን ስኳር ጆንያ ላይ ደርድራ፣ ማንም እንዳያይ በነጠላ ሸፈነችልኝ። መጀመሪያ ባርቤራውን ከፈትኩ፤ ከሰሜን፣ ከፒየሞንቴ የሚመጣ ቀይ ነው። ብርጭቆውን አዞርኩ። አፍንጫዬን ነከርኩ። ባዶ። ውሃ ውስጥ የነከርኩ ያህል ነው። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ “ግሩም፤ የበሰለ ፍሬ” አልኩ።

ታደሰ በሩ ላይ የዱቄት ከረጢት ተሸክሞ ቆሟል። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ። “እሱ የረጠበ ካርቶን ይሸታል።”

ደነገጥኩ። የወይን ነጋዴ ሁሉ የሚፈራው ሽታ ነው፤ ቡሹ የተበላሸበት ጠርሙስ ልክ እንደ ረጠበ ካርቶን ይሸታል። ይህን ለመለየት ሰዎች ትምህርት ቤት ይገባሉ። ታደሰ ግን የት ተማረው? ጣሪያው በሚያፈስ ሱቅ። የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ሳይከፍት አሽትቶ እርጥበት እንደገባው ይናገራል፤ አይጥ የትኛው መደርደሪያ ሥር እንዳለፈ ያውቃል። ከነከረጢቱ ሦስት ሜትር ርቆ ቆሞ፣ እኔ አፍንጫዬን ዘፍዝፌ ያላገኘሁትን አገኘው።

ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ከመጋቢት ወዲህ የሰው ዓይን እያየሁ እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ለአስቴር አትንገርብኝ፤ እሷ ካወቀች እትዬ ሰብለ ማወቃቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ እንጀራዬ አለቀ አልኩት። ታደሰ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ “አልጠጣም። በከንፈሬም አላስነካም። ማሽተት ግን ሳሸት ነው የምውለው” አለ።

እንዲህ ሆኖ ምላሱ ከእኔ፣ አፍንጫው ከእሱ ሆነ። ኮምጣጣውን፣ ጣፋጩን፣ መራራውን፣ ጉሮሮ የሚይዘውን እኔ እናገራለሁ፤ የቀረውን እሱ። እንደ እኔ “ግርማ ሞገስ ያለው” ምናምን አይልም። ከደቡብ፣ ከፑልያ የመጣውን ፕሪሚቲቮ አሽትቶ “ዘቢብና ያረረ ስኳር” አለ። ከአብሩዞ የመጣውን ሞንቴፑልቻኖ “ፕሪም፤ ከሥሩ አዲስ የጫማ ሳጥን” አለ። ነጩን ቬርዲኪዮ “የሎሚ ልጣጭ፤ ደግሞ ኮክ ሲፈነከት ውስጡ ያለችው መራራ ፍሬ” ሲል እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስፈልገው የነበረ ቃል ነው። ላምብሩስኮውን፣ ያን የሚፈላውን ቀይ፣ “እንጆሪ ሶዳ፤ ልጆች ይወዱታል” አለና ወዲያው “ልጆች አላልኩም” ብሎ አረመ። ለሲኞር ፒኖ ደውዬ የባርቤራውን ብነግረው ሌላ ጠርሙስ በሹፌር ላከ። “የዋዛ አፍንጫ የለህም” አለኝ። አመሰገንኩት፤ ምን ልበለው?

ረቡዕ

ማርታ ከንጋት ጀምራ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ በቆጮ፣ የተጠበሰ ዓሳና ሽሮ ሠራች። ጾመኛ ነዎት ወይ ብትለኝ የሰኔን ጾም ለካህናት ትቼዋለሁ አልኳት። ያን ቀን የተማርነውን አንባቢም ቤቱ ይሞክረው። ላምብሩስኮ ቀዝቅዞ ከክትፎ ጋር ነው፤ አረፋውና ኮምጣጣነቱ ቅቤውን ከምላስ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። ባርቤራ ለዶሮ ወጥ ነው፤ ጉሮሮ ስለማይይዝ ከበርበሬው ጋር አይጣላም። ሞንቴፑልቻኖ ለበግ ጥብስ። ቬርዲኪዮ ለዓሳ፤ ለሽሮም አይከፋም። ፕሪሚቲቮ ብርቱ ነው፤ በርበሬ ካገኘ እሳት ላይ ነጭ ጋዝ እንደ መጨመር ነው። እሱን ያለ አዋዜ ለሚበላ ዝልዝል ብቻ ፈቀድንለት።

ችግሩ የመጣው በዶሮው ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የምእመናኑ የረቡዕ ጸሎት ነበር፤ ታደሰ ስልኩን ጆንያው ላይ አቁሞ ገባ። ፓስተሩ ጸሎት ሲጀምሩ ቶሎ አይጨርሱም። ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ባርቤራው እየሞቀ ሄደ፤ የነገው ቀጠሮዬ ደግሞ አንገቴን ይዞኛል። ብርጭቆውን ይዤ በዓይኔ ለመንኩት። ታደሰ የስልኩን ድምፅ ዘጋ። ድምፁ ሲዘጋ ምስሉም የሚዘጋ መስሎታል። አንድ እጁን ለጸሎት ዘርግቶ በሌላው ብርጭቆውን ተቀበለኝና አፍንጫውን ነከረ፤ ከኋላው ነጠላው ከላያቸው የወደቀ አምስት ጠርሙሶች ተሰልፈው ቆመዋል።

ጸሎቱ ሳያልቅ የማርታ ስልክ መጮህ ጀመረ። አንዲት እህት ምስሉን አንስታ ለሁሉም አዳርሳዋለች። በምስሉ ላይ ሽማግሌ ታደሰ ላምቤቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀይ ወይን ሲያጣጥም በግልጽ ይታያል።

ፓስተሩ ደወሉ። “ወንድም ታደሰ፣ ጠጥተሃል?”

“አልጠጣሁም።”

“ታዲያ ምን ስታደርግ ነበር?”

ታደሰ እኔን አየኝ። “አልጠጣሁም፤ ከዚያ በላይ የምናገረው የለኝም” አለ። ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎች እስኪሰበሰቡ ከአገልግሎት ተቆጠብ ተባለ። ማርታ የተረፈውን ወጥ አነሳች። እኔ ዶሮ ወጡ ከባርቤራ ጋር መስማማቱን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሐሙስ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ቃል ብናገር ታደሰ ይድናል፤ ግን ስብሰባው ላይ አስቴር እንደ ቤተሰብ ተጠርታለች፤ እኔ እጠፋለሁ። ዝም ብል ለዓርብ አውሮፕላን አለኝ። ሃያ ጊዜ ዝም ለማለት ወሰንኩ። ጠዋት ታደሰ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እንደ ተከሳሽ ስልኩ ፊት ሲቀመጥ ሳየው ግን አልቻልኩም። ወንበሬን ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“ሲያሸትልኝ ነበር” አልኩ። “እኔ ማሽተት አልችልም። ኮሮና ወስዶብኛል።”

አስቴር በእጇ አፏን ያዘች። አየኋት፤ ዓይኔን ግን አልመለስኩም።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ወይን ቀማሽ ሆነው አያሸቱም? እንግዳ ሆነው ወንድማችንን ሊያድኑ ይሆናል” አለ። እዚህ ላይ ቆሽቴ አረረ። “አንድ ነገር ልጠይቅ” አልኩ። “ትናንት ጸሎት ላይ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ከነበረ፣ ማን አየው?”

በየሳጥኑ ካሉት ፊቶች ሁለቱ ምስላቸውን አጠፉ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል ዶክተር ዮናስ የሚባል ሐኪም ነበር፤ ከተማው ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ይሠራል። ነገሩ በቀላሉ ይጣራል አለ። ዓይናቸውን ሸፍኑና የሆነ ነገር እንዲያሸቱ አድርጓቸው። ማርታ የአፍና አፍንጫ ጭምብሌን አውጥታ ዓይኔ ላይ አሰረችው። የሆነ ነገር አፍንጫዬ ሥር አቀረበች። ሊመረመር የመጣ ሰው “ምንም አይሸተኝም” ማለት ነበረበት። እኔ ግን፣ ልክ ያ የሃያ ሁለት ዓመት ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ውስጤ እንደ ተነሳ፣ ሳላስበው “ቡና፤ የተቆላ” አልኩ።

ነጭ ጋዝ ነበር።

ሁለተኛውን “ሎሚ” አልኩ። በረኪና ነው። በሦስተኛው ላይ ምላሴ አልታዘዘኝም፤ ዝም አልኩ። ማርታ ጭምብሉን ስትፈታልኝ በእጇ መዳፍ ላይ የተቀመጠው ከሸሚዞቼ የተጠራቀመው የአስቴር ቅቤ ነው። ስልኩ ላይ አስቴር ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ አይገባኝም ማለት አልችልም፤ በደንብ ይገባኛል ለምን እንዳለቀስኩ። ታደሰ ትከሻዬን ይዞ “ጋሼ፣ ይኼን ማድረግ አልነበረብዎትም” አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ግማሽ ሰዓት መከሩ። ውሳኔያቸው፣ ማሽተት ኃጢአት ሆኖ አላገኘነውም፤ ወንድም ታደሰ ወደ አገልግሎቱ ይመለስ፤ ምእመናን በሙሉ ግን በጸሎት ሰዓት ካሜራ ማጥፋት ይማሩ የሚል ነበር። ለምስል አንሺዋ እህት የተባለ ነገር አልሰማሁም። በምሳ ሰዓት ሲኞር ፒኖ ጋ ደውዬ አምስቱንም እወስዳለሁ አልኩት።

ዓርብ

ታደሰ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወስደኝ መስኮቶቹ ተዘግተው ነበር። የማዕድን አፈር የተቆለለባቸውን ቢጫ ኮረብታዎች እያየሁ፣ ስለ ጆሃንስበርግ ሰዎች ሲጠይቁኝ ምን እንደምል አሰብኩ። ማርታ ሸሚዞቼን ሦስቴ አጥባ፣ አሽትታ አልወጣም ስላላት አራተኛ አጥባቸዋለች። ስንለያይ ታደሰ በሰፈሩ አነጋገር “ሻርፕ፣ ጋሼ” ብሎ ተሰናበተኝና ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ክልክል መሆኑ ትዝ አለው። ክርናችንን አነካካን። እኔ ግን አልበቃኝም፤ አቅፌ ሳምኩት።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

አስቴር ኩሽናው በር ላይ ጠበቀችኝ። “ስለ ወንድሜ ጌታ ይባርክዎት” አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ለእትዬ አልተናገርኩም። እኔ ምንም አላየሁም፤ እንደ ፈለጉ” አለችኝ። መውጫ ሰጠችኝ ማለት ነው። እውነት ለመናገር እስከ እትዬ ሰብለ ቢሮ ድረስ ያሉትን ደረጃዎች መውጫውን እያመሰገንኩ ነው የወጣሁት። በሩን ስከፍት ግን ያ የነጭ ጋዙ ቡና ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ መዋሸት አቃተኝ። ዝርዝሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከመጋቢት ጀምሮ።

መነጽራቸውን አውርደው ሰሙኝ። “ጨረስክ?”

“ጨርሻለሁ።”

“ከመጋቢት ወዲህ ተበላሽቷል ተብሎ የተመለሰ ጠርሙስ አለ?”

“የለም።”

“ቅር ያለው እንግዳስ?”

“የለም፤ እትዬ።”

“እንግዲያው ምን ሆንክ?” አሉኝ። “ኃይሉ፣ እንግዳው የሚወደው ስታሸት ማየት ነው። አሸተትክ አላሸተትክ ማን ጠየቀህ? ሰደርያህን አስተኩሰህ ምሳ ሰዓት ላይ ድረስ።”

ቢያባርሩኝ ይሻል ነበር አልልም፤ ሁለት ልጆች አስተምራለሁ። ግን ከፋኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አፍንጫዬን ቀጥረውት የመሰለኝ ለካ ሰደርያዬን ነው። ከቢሯቸው ወጥቼ ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ወይኖቹ ነሐሴ ላይ ደረሱ፤ ዝርዝሩም “በዋና ቀማሻችን በኃይሉ የተመረጡ” ተብሎ ታተመ። በመጀመሪያው ምሳ አንድ ነጋዴ ላምብሩስኮውን ከክትፎ ጋር ቀምሶ ጠራኝ። “ይኼን ሁለት ነገር ማን አገናኘው?” አለኝ። ብርጭቆውን አዞርኩ፤ አፍንጫዬን ነከርኩ፤ ባዶ ነበር። “ዳቬይተን የሚኖር ታደሰ ላምቤቦ የሚባል ባለሱቅ ነው” አልኩት። “በሕይወቱ ወይን ጠጥቶ አያውቅም።” እንባው እስኪወርድ ሳቀና ሁለተኛ ጠርሙስ አዘዘ። እኔ አልሳቅሁም።